የአባዬ የጎደለ ፋይል

ለታላቋ እህቴ፤

በጥልቅ ሐዘን የምነግርሽ ከባድ ነገር ስላለ ቆመሽ ከሆነ ተቀመጪ፤ ተቀምጠሽም ከሆነ ግድግዳ ተደገፊ። ለረጅም ዘመን ጋራዣችንን ቀጥ አድርገው ይዘው የኖሩት፣ በቅርቡ ግን ትንፋሽ እያጠራቸው፣ እየተንቀጠቀጡና በየመሀሉ ራሳቸውን እየሳቱ ሲያስጨንቁን የከረሙት አንጋፋው ባለውለታችን፣ በሥራ ላይ እንዳሉ አንዴ «ጢው» ብለው እስከ ወዲያኛው አሸለቡ።

ኮምፒውተሩን ማለቴ ነው።

ደነገጥሽ አይደል? ደግ አደረግኩ! አባዬማ ምን ይሆናል። ይሄን ስጽፍ እንኳ ውጭ ቆሞ የአንዱን ታክሲ ፍሬን እያየ ባለቤቱ ላይ ሲጮህ ይሰማኛል፤ የሚሞት ሰው እንዲህ አይጮህም። ያቺን ድንጋጤሽን ግን እንዳትጥያት። አጣጥፈሽ ያዥልኝ፤ መጨረሻ ላይ እፈልጋታለሁ።

ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ጉንፋንሽ ለቀቀሽ? አሁንም የሰው ቤት በር የምትከፍቺው በመሐረብ ነው? የላክሽልኝ ሸሚዝ ደርሶኛል፤ ልክ ነው። ኪሱ ውስጥ ሳሙና የከተትሽው ለስጦታ ሳይሆን ለስድብ እንደሆነም ገብቶኛል፤ በስድብሽ ጸጉሬን ታጥቤበታለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ትምህርትና እኔ በስምምነት ከተለያየን ወዲህ ጋራዡ ቢሮ ውስጥ አንቺ ስትቀመጪበት የነበረው ወንበር ላይ ተቀምጬ እዞራለሁ። ወንበሩ አንድ እግሩ ስለጎደለ ወደ ግራ ብቻ ነው የሚዞረው።

ለምን አትደውልም ትዪ ይሆናል። ስደውልማ ስለ አባዬ ገና አፌን ስከፍት «ኔትወርኩ ተቆራረጠ» ትያለሽ። ወረቀት ኔትወርክ የለውም፤ እስከ መጨረሻው ታነቢያለሽ።

የእናንተ ነገር እኮ ያንገሸግሸኛል። እውነቴን ነው፤ ያቅለሸልሸኛል። አንቺ ሌላ ከተማ ሥራ አገኘሁ ብለሽ ሻንጣሽን ይዘሽ ስትወጪ «ከዚህ በር ከወጣች ስሟን አልጠራም» ብሎ ማለ። አንቺም «ስሜን ካልጠራ እግሬ እዚያ አይረግጥም» አልሽ። ከዚያ ወዲህ እሱ ሲፈልግ «ያቺ ደህና ናት?» ይለኛል፤ አንቺ ሲያምርሽ «ሰውዬው እንዴት ነው?» ትይኛለሽ። «ያቺ» እና «ሰውዬው»! መሀል ላይ የምመላለሰው እኔ ነኝ። ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሳሩ ነው ይባላል፤ ሳሩ ግን ጫማ አይጨርስም፣ እኔ ሶል ጨርሻለሁ።

ወደ ሟች ልመለስ።

አባዬ አዲስ ኮምፒውተር ሲገዛ ደስ ብሎት መስሎሻል? በለቅሶ ቤት ፊት ነው የገዛው። ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ ዘጭ አድርጎ «ስማ» አለኝ፣ «አካሉ ይቀየር፤ ሞተሩ ግን እንዳለ ይምጣ። አንዲት ነገር ብትጎድል ከዚህ ቢሮ ወጥተህ ጎማ ታነሳለህ።» ሞተር የሚለው ሲስተሙን ነው። ለእሱ ኮምፒውተርም ያው መኪና ነው። እኔም ደረቴን ነፍቼ «አባዬ፣ አንተ ብቻ ተኛ» አልኩት። ጎማ ማንሳት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ክረምት ከበጋ ደጅ ላይ፣ ከብሎን ጋር። ብሎን ማለቴ ዋናው መካኒካችንን ነው፤ አሁንም ያው ነው፣ አሁንም ምሳውን የሚበላው ሞተር ላይ አስቀምጦ እያሞቀ ነው።

እና አሮጊቷን፣ የሞተችውን ኮምፒውተር፣ ከፈትኳት። መጀመሪያ ላይ አንቱ ያልኳት ሞታ ስለተገኘች ነው እንጂ፣ ውስጧን ካየሁ በኋላስ አንቺም ይበዛባታል።

እህቴ፣ እየበላሽ ከሆነ ይህን አንቀጽ ዝለይው። ክዳኗን ስስበው መጀመሪያ የወጣው ሽታ ነው፤ የተቃጠለ ዘይት፣ የሰው ላብና ያረጀ ዳቦ ተደባልቆ። ቀጥሎ ደግሞ ግራሶና አቧራ ተላቁጦ እንደ ምንጣፍ የሆነ ነገር። በጣቴ ሳነሳው ሳይበጠስ አንድ ላይ መጣ፤ ብትፈልጊ ትራስ ይሞላል። ከሥሩ አንዲት በረሮ ከነቤተሰቧ ተነስታ ሰላምታ ሳትሰጠኝ የማሽኗ ማራገቢያ ሥር ገባች። ኪቦርዱንስ ገልብጬ ሳራግፈው! የዳቦ ፍርፋሪ፣ የክብሪት እንጨት፣ የማን እንደሆነ ያላወቅኩት ጺም፣ ከዚያ ደግሞ የተቆረጠ ጥፍር። ጥፍር! አባዬ ስልክ እያወራ ጥፍሩን የሚቆርጠው ኪቦርዱ ላይ ነው ለካ። ቋቅ አለኝ። እኔን፣ ከወደቀ በኋላ አንስቼ እፍ ብዬ የምበላውን ሰውዬ!

የውስጧ ቆሻሻ የፋይሉን ያህል ግን አላስጠላኝም። ሃርድ ዲስኩን አውጥቼ በገመድ ከአዲሱ ጋር አገናኘሁትና ገባሁ። «ልዩ ልዩ» የሚል ማህደር አለ። ስከፍተው ውስጡ «ልዩ ልዩ»። እሱንም ስከፍተው «ልዩ ልዩ አዲሱ»። ውስጡ ምን ያለ ይመስልሻል? የአንድ የተሰበረ ካምቢዮ ፎቶ፤ የደበዘዘ፣ በጣም የደበዘዘ፣ ምንም የማይታይ። ብሎን ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ ሰክቶ ያራገፈው ቫይረስ ደግሞ እንደ አይጥ በየጥጉ ወልዷል።

ሞተሩን እንዳለ ላምጣ ብዬ ሲስተሙን አዲሱ ላይ ገልብጬ ሞከርኩ፤ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። እውነቱን ነው። የዘንድሮ መኪና ላይ የድሮ ሞተር ብትጭኚበት ይነሳልሻል እንዴ? ስለዚህ አዲሱን ከነራሱ አዲስ ሲስተም ተውኩትና ፋይሉን ብቻ አሻገርኩ፤ የደንበኞቹን ደረሰኝ፣ የመለዋወጫውን ዋጋ፣ ፎቶዎቹን፣ ካምቢዮውንም ጭምር። ቫይረሱን አጥቤ፣ ሁሉን አስተካክዬ፣ ዲስኩን ወደ አሮጊቷ ሆድ መልሼ፣ አሮጊቷን ከጀርባ ያለው መጋዘን አጋደምኳት። ለአባዬም «እንዳለ መጥቷል» አልኩት። ጨርሻለሁ ብዬ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አንድ መኪና ነካክቶ ሲገባ፣ እኔ ልመሰገን ብዬ ያለወትሮዬ በጊዜ መጥቼ ወንበሬ ላይ ወደ ግራ እየዞርኩ ነበር። አዲሱን ከፈተው። ፈጥኖ ተነሳ፤ አሮጊቷ ስትነሳ ሻይ ይፈላ ነበር፣ ይሄ ግን ወዲያው ነው። አባዬ ግን አልተቀመጠም። ሁለት እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ ግራሶው ክንዱ ድረስ፣ ዝም ብሎ ቆመ። እንደሚፈተሽ ሰው። እኔ ወገቡን ያዘው ብዬ «ምን ሆንክ?» ስለው «ጎደለ» አለኝ።

«ምኑ?»

«ፋይሉ።»

«የቱ ፋይል?»

«እኔ ምን አውቅልሃለሁ፤ ኮምፒውተር አዋቂው አንተ አይደለህ? እንዳለ ይምጣ አልኩህ፤ እንዳለ አልመጣም» አለና በዚያው እጁ አዲሱን ነጭ ኪቦርድ ዳሰሰው። ኧረ ሲያስጠላ! ፊደሎቹ ጠፉ። በምሳ ሰዓት ምን እንደምጽፍ የማላውቀው እንደ ድሮው ባለመማሬ ሳይሆን ባለማየቴ ሆነ።

በየቀኑ ያው ሆነ። ይከፍታል፣ እጁን ዘርግቶ ይቆማል፣ «ጎደለ» ይላል፣ ሳይታጠብ ይነካካል። ደረሰኙን አሳየሁት፤ አይደለም። ፎቶውን አሳየሁት፤ አይደለም። ካምቢዮውን ሳሳየው ሊመታኝ ነበር። «አሮጊቷን መልስልኝ» አለ በመጨረሻ። «ሞታለች እኮ» ስለው «ሞታም ትሻል ነበር» አለኝ። ይሄ ሰውዬ ሊያብድ ነው ብዬ ፈራሁ። ጎማውም በዓይኔ መጣብኝ።

ነገሩን የገለጠልኝ የጋራዡ ዘበኛ ነው። ጎትቶ ወደ ጥግ ወሰደኝና በሹክሹክታ «ልጄ፣ አባትህን ሐኪም አሳየው» አለኝ። ለምን ስለው፣ አባዬ እሁድ እሁድ ይመጣል አለ። ጋራዡ ዝግ ነው፣ መኪና የለም፣ ቱታ አልለበሰም። ቢሮ ይገባል፣ ኮምፒውተሩን ይከፍታል፣ ይወጣና ቧንቧው ጋ እጁን ይታጠባል፣ ኮምፒውተሩን ያጠፋል፣ ይሄዳል። «እሁድ ምን የቆሸሸ እጅ አለው?» አለኝ ዘበኛው፤ ዓይኑን አፍጥጦ። «አሁን አሮጌው ከሞተ ወዲህ ደግሞ ይመጣል፣ ይከፍታል፣ ግን አይታጠብም። ቁጭ ይላል።»

ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። ስንፍናዬን ታውቂያለሽ፤ ሁሌም ከአባዬ በኋላ ነው የምገባው። ብሰማውም እንደ ኮምፕሬሰሩ ጩኸት ጆሮዬ ለምዶት ሰምቼው አላውቅም። አንቺ ቢሮ ስትሠሪ አባዬ በግራሶ እጁ ኪቦርድሽን ሲያበላሽብሽ ተናደሽ፣ አሮጊቷ ስትነሳ የምታሰማውን ሙዚቃ አውጥተሽ በቦታው የቀዳሽውን ድምፅሽን ከተትሽ አይደል? «አባዬ፣ እጅህን ታጠብ! ኧረ ሲያስጠላ!» የሚለውን። እሱ የተቀመጠው ደግሞ ከደረሰኙና ከፎቶው ጋር አልነበረም፤ እዚያው ሲስተሙ ሆድ ውስጥ ነው። እኔ ደግሞ ሲስተሙን ትቼ መጣሁ። ፋይል አሻገርኩ ብዬ ስኩራራ ያቺን ወንዝ ማዶ ጥያት መጣሁ።

እንደ ጨዋ ሰው ወዲያው ሄጄ አመጣሁት እንዳትዪ። ጨዋ ብሆን ወንድምሽ አልሆንም። መጀመሪያ ስልኬን አወጣሁና አፍንጫዬን ይዤ፣ ያንን እንደ ማበጠሪያ የሚፋቅ ድምፅሽን አስመስዬ ቀዳሁት፤ «አባዬ፣ እጅህን ታጠብ!» አዲሱ ኮምፒውተር ሲነሳ አብሮ እንዲነሳ አድርጌ አስገባሁትና ወንበሬ ላይ ቁጭ አልኩ። አባዬ ገባ። ከፈተ። እኔ ጮኽኩ፤ ማለቴ ማሽኑ። አባዬ መጀመሪያ ፊቱ በራ፤ የምሬን ነው፣ ለአንድ አፍታ በራ። ከዚያ ጆሮውን አዘንብሎ ሲያዳምጥ ቆየና «ይሄ ዘይት ያነሰው ማጠፊያ የማን ነው?» ብሎ ሳሙናውን ወረወረብኝ። ግንባሬን ነው ያገኘኝ። ሳሙና እንደዚህ እንደሚያም አንቺ እንኳ አታውቂም።

ፊቱ የበራባት አፍታ ግን ሆዴ ውስጥ ቀረችብኝ። አንድ ዓይነት የሚያስጠላ ነገር ነው፤ ያልታኘከ ምግብ እንደመዋጥ። ተነሳሁና አሮጊቷን ላመጣ መጋዘን ሄድኩ።

አሮጊቷ የለችም።

ከኋላ በኩል፣ እቃ የሚታጠብበት ጋ ስዞር ምን አየሁ መሰለሽ? የቤንዚን ሳፋ። ሳፋው ውስጥ አሮጊቷ ተበታትና፣ እንደ ካርቡራተር፣ ሰሌዳዎቿ ተዘፍዝፈው፣ ማራገቢያዋ በብሩሽ ተፈግፍጎ። በረሮዋ በጀርባዋ ተንሳፍፋለች፤ ልጆቿን አላየሁም። ብሎን አባዬ «አሮጊቷን መልስልኝ» ሲል ሰምቶ አንጀቱ ተላውሶ ነው። ሙሉ ሰርቪስ ሠራላት! መጀመሪያ በኮምፕሬሰር ነፋት፣ ከዚያ በቤንዚን አጠባት፤ ሊገጥማትም ግራሶ አዘጋጅቶ ነበር። እንዲያ ጠልቀሽ ስታስቢው ምንም አልተሳሳተም፤ ሌላ ነገር ሁሉ በዚህ መንገድ ነው የሚድነው።

ዲስኩ የታለ ብዬ እንደ እብድ ሳፋውን ስበረብር፣ እጄ እስከ ክርኔ ገባ፤ ያ ቤንዚንና ያ የአስር ዘመን ቅርሻት ተደባልቆ ቆዳዬ ላይ ሲሄድ... እስካሁን ድረስ ስበላ ይሸተኛል። እዚያ የለም። ብሎንም የለም። አንዱ ጎሚስታ «ሰዓት ሠሪው ጋ ሄዷል» አለኝ። ለምን? «የምትከፈት አንዲት ቆርቆሮ ቀርታው፣ ብሎኖቿ ኮከብ ናቸው፣ ለሷ የሚሆን ካቻቢቴ ሊዋስ።»

እህቴ፣ ሮጬ አላውቅም። ያን ቀን ሮጥኩ። ስደርስ ብሎን ዲስኩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አንዱን ብሎን ፈትቶ ሁለተኛው ላይ ነው፤ ምላሱን በጥርሱ ይዞ። «ብሎን፣ በእናትህ ተው!» ብዬ ወደቅኩበት። እሱ ደግሞ ተናዶ «ውስጧ ሳይጠራ እንዴት ትነሳለች?» ይለኛል። በዚህ ጋራዥ የኮከብ ካቻቢቴ አለመኖሩን ስንት ጊዜ ሰድቤዋለሁ፤ ያን ቀን ግን እግዜር ይስጠው አልኩት።

ዲስኩን ጠርጌ እንደ በፊቱ በገመድ ከአዲሱ ጋር ሰካሁት።  ሲስተሙ ሆድ ውስጥ ገብቼ ፈለግኩ፤ አንቺ ያወጣሽለት ስም «ታጠብ» ነው። ተገኘ። ወደ አዲሱ ገለበጥኩትና ማሽኑ ሲነሳ አብሮ እንዲነሳ አደረግኩት።

ጠዋት አባዬ ገባ። ብሎን ይቅርታ ሊጠይቅ መጥቶ፣ ዳቦውን እየገመጠ በሩ ላይ ቆሟል። አባዬ ከፈተው። እጁን ግን አልዘረጋም፤ ተስፋ ቆርጦ ነበር መሰለኝ።

«አባዬ፣ እጅህን ታጠብ! ኧረ ሲያስጠላ!»

አሁን የምነግርሽን በደንብ ስሚኝ። አሮጊቷ ድምፅ ማውጫዋ የተቀደደ ነበር፤ ከአንቺ ጩኸት ሌላ ምንም አታሰማም። የአዲሱ ግን ጥሩ ነው። ከጩኸትሽ በኋላ ትንሽ ይቀጥላል ለካ። ራቅ ብሎ መዶሻ ይሰማል። ከዚያ የሰው ሳቅ፤ ሆድ የሚያንቀጠቅጥ፣ ከረጅም ጊዜ ወዲህ እዚህ ግቢ ያልተሰማ ሳቅ። ከዚያ አባዬ፣ የድሮው አባዬ፣ «እሺ፣ እሺ» ይልና ስምሽን ይጠራል። ሙሉውን አይደለም፤ እሱ ብቻ የሚጠራሽን አቆላምጦ፣ መጨረሻውን እየጎተተ።

ብሎን ማኘክ አቆመ።  እኔ ግን እንደምታውቂኝ ዝምታ አልችልም። «አባዬ» አልኩት፣ «መጨረሻ ላይ ትርፍ ነገር አለበት፤ መሐላህን ያፈርስብሃል። ልቁረጠው?»

ፊቱን ሳያዞር «ምኑን ነው የምትቆርጠው?» አለኝ። «እንዳለ ይምጣ አላልኩህም?»

ከዚያ ወጣና ቧንቧው ጋ ሄደ። ገና ሥራ አልጀመረም፤ እጁ ንጹሕ ነበር። ታጠበ። ደጋግሞ ታጠበ። ከዚያ ፊቱንም ታጠበ። ድምፁ የሚለው እጅ ነው፤ ፊት ያለው የለም። እኔ ያልተማርኩ ስለሆንኩ ይሄ ነገር አልገባኝም፤ አንቺ የተማርሽው ከገባሽ ጻፊልኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይላል ዘበኛው፤ ለእሱ ገብቶታል መሰለኝ።

አሁን እንግዲህ በሕግ እንነጋገር። «ስሜን ካልጠራ» ነው ያልሽው። ይኸው በየጠዋቱ ይጠራሻል፤ እሁድም ጭምር። በየትኛው አፉ እንደሆነ በውላችሁ ላይ አልተጻፈም። መሐላውም አልፈረሰ፣ አንቺም አልተሸነፍሽ፤ እኔ ብቻ ነኝ በሳሙና የተመታሁት።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ቧንቧው ጎን አዲስ ነጭ ፎጣ ተሰቅሎ አገኘሁ። እጄን ልጠርግበት ስል አባዬ ከመኪና ሥር ሆኖ «ተወው፣ ያንተ አይደለም» ብሎ ጮኸብኝ። የብሎንም አይደለም። በዚህ ግቢ ነጭ ፎጣ የሚገባው እጅ ያለው ሰው አላውቅም።

በይ አሁን ያስቀመጥኩብሽን ድንጋጤ መልሺልኝ። መጀመሪያ ላይ፣ አሸለቡ ስልሽ፣ ልብሽ ድም ያለው ስለ ማን ነበር? ስለ «ሰውዬው»? ኤጭ! ሁለታችሁም ታስጠላላችሁ።

እግዜር ከጉንፋን ይጠብቅሽ፤ ከቆሸሸ በር እጀታ ይሰውርሽ፤ ወደዚህ የምትመጪበትን አውቶቡስ ወንበሩን ያጽዳልሽ። እኔ ጎማ ከማንሳት ተርፌያለሁ፤ ጤናዬም ደህና ነው፤ ግንባሬ ላይ ያለው እብጠት እየጎደለ ነው።

ይሄን ሁሉ ወረቀት አቆሸሽኩብሽ እንጂ ነገሩስ ያን ያህል አይደለም። አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ተበላሸ፤ አንድ ፋይል ተረስቶ ቀርቶ ነበር፤ ተገኘ። ተራ ነገር ነው።

ሳሙናሽን የጨረሰው፣
ታናሽ ወንድምሽ